ከቅጠሉ ጀርባ ያለው ጨለማ

ልጆች፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዛውያን የድንጋይ ጌጥን በብዕርና በጥቁር ቀለም የሳሉበትን ሥራ ያየ ሁሉ ዓይኑ መጀመሪያ የቅጠሉ ጠርዝ ላይ ያርፋል። ሥዕሉን የሚያቆመው ግን ከቅጠሉ ጀርባ ያለው ጨለማ ነው። በእንግሊዝ አገር በሳውዝዌል ካቴድራል የጉባኤ አዳራሽ ያሉትን የ13ኛው ክፍለ ዘመን የዓምድ አናቶች ውሰዱ። የኦክና የወይን ቅጠሎቹ ከሥራቸው ስለተፈለፈሉ ከድንጋዩ ሊላቀቁ የደረሱ ይመስላሉ።

በእርሳስ መጀመሪያ የመሃል መስመሩን፣ ቀጥሎ ቅጠል የሌለበትን የዓምዱን አናት የደወል ቅርጽ አውጡ። እያንዳንዱ ቅጠል ወደ ውጭ ብቅ ያለበትን ጫፍ በነጥብ ያዙ፤ የቅጠሉን አጥንት ሳቡ፤ ጠርዙ የመጨረሻ ነው። ከጠርዝ የጀመረ ሰው ዳር ሲደርስ ግማሽ ቅጠል ይተርፈዋል። የጥላውንም ወሰን ወዲያው ምልክት አድርጉበት፤ ፀሐይ አትጠብቅም።

ጠጣሩን ጥቁር ቀለም በጥቂት የውሃ ጠብታ ለስላሳ ሳህን ላይ ፍጩ። በቁራጭ ወረቀት ሞክሩት፤ ሲደርቅ ግራጫ ከሆነ ገና ነው። የትናንቱን ድፉት፣ ረግቶ ብዕር ይዘጋል። ይህ ቀለም እንደ እኛ የብራና ጸሐፊዎች ጥቁር ከጥላሸት የተሠራ ስለሆነ አይደበዝዝም። የብረት ጨው ያለበት የመጻፊያ ቀለም ግን ከጊዜ ጋር ቡናማ ይሆናል፣ ወረቀቱንም ይበላል።

ከጨለማው ጉድጓድ ጀምሩ። ጭረቱ የድንጋዩን ገጽ ተከትሎ ይታጠፍ። ሁለተኛውን ጭረት የመጀመሪያው ሲደርቅ ብቻ አቋርጡበት፤ አለዚያ መገናኛው ላይ ይፈሳል። በቀጥተኛ ማዕዘን ካቋረጣችሁት ደግሞ ድንጋዩ ወንፊት ይመስላል፤ ጠበብ ባለ ማዕዘን ይሁን።

በዚያ ዘመን ፎቶ ሊቶግራፊ፣ ማለትም ሥዕልን በፎቶ ወደ ድንጋይ አስተላልፎ የማተሚያ ዘዴ፣ ጥቁርና ነጭ እንጂ ግራጫ አያትምም ነበር። ስለዚህ ቀለም በውሃ አቅጥኖ ጥላ መቀባት ለኅትመት አይሆንም ነበር፤ ጥላው ሁሉ በመስመር መገኘት ነበረበት። በእጥፍ መጠን ሥላችሁ በግማሽ ሲቀነስ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ግማሽ ሚሊ ይሆናል። ጭረቱን ካጠጋጋችሁት ኅትመቱ ላይ አንድ ጥቁር እድፍ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ጥሩ ሥዕል በዚህ ይበላሻል።

ስትሳሳቱ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቁና በስለታም ቢላ ጫፍ በስሱ ፋቁት። እንደገና ብዕር ከማሳረፋችሁ በፊት ቦታውን በጥፍር ጀርባ እሹት፤ ካልሆነ የተነሣው የወረቀት ጭራ ቀለሙን እንደ ሸረሪት እግር ይበትነዋል።