ካወጣኸው በኋላ ማንን ታስገባለህ?

ውድ ልጆች፣ እንደምን ከርማችኋል?

ስለ ሥራና ስለ ውሳኔ አንድ ነገር ጻፍልን ብላችሁኛል። እኔ ግን በቤዝቦል በኩል ዞሬ ልመጣ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዋሽንግተን አካባቢ የኖርኩት በበጀትና በቁጥር ሥራ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጬ ማናጀር እሳደብ ነበር። አሁንም እሳደባለሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ወርዋሪው ኳስ ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ሊመታት ይሞክራል፤ መትቶ ሜዳውን ዞሮ መነሻው ላይ ሲገባ ነጥብ ይቆጠራል። ጨዋታው 9 ዙር አለው፤ ዙሩን ኢኒንግ ይሉታል። ዘጠኙ መቺዎች በተራ ይመጣሉ፤ ተራው ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ሰው ይጀምራል። ማናጀሩ ወርዋሪውን መቀየር ይችላል፤ የወጣ ግን አይመለስም። የደጋፊ ደም የሚፈላው እዚህች ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2020፣ አርሊንግተን፣ ቴክሳስ። የወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የዓመቱ የመጨረሻ የዋንጫ ፍልሚያ፣ 6ኛ ጨዋታ። ታምፓ ቤይ ሬይስ የሎስ አንጀለሱን ዶጀርስን 1 ለ 0 እየመራ ነው፤ ከተሸነፈ ግን ዋንጫው አለቀለት። የታምፓው ወርዋሪ ብሌክ ስኔል ያን ምሽት የሚቻል አልነበረም። 9 ሰው በስትራይክ፣ ማለትም ኳሷን ሳያስመታ፣ አሰናብቷል። የዶጀርስ የመጀመሪያዎቹ ሦስት መቺዎች፣ ሙኪ ቤትስ፣ ኮሪ ሲገርና ጀስቲን ተርነር፣ ሁለት ሁለት ጊዜ መጥተው ስድስቱንም ጊዜ በስትራይክ ተመልሰዋል። 6ኛው ኢኒንግ ላይ ኦስቲን ባርንስ አንዲት ተራ ምት አገኘ። የታምፓው ማናጀር ኬቨን ካሽ ብድግ ብሎ ወደ ሜዳ ገባ። ስኔል ሲያየው ንዴቱን መደበቅ አልቻለም። የወረወረው 73 ኳስ ብቻ ነው። ግን ወጣ።

ኒክ አንደርሰን ገባ። ቤትስ ወዲያው መታው። ቀጥሎ አንዲት ኳስ ከቀለበኛው አምልጣ ባርንስ ገባና እኩል ሆኑ። ከዚያ ሲገር ወደ መሬት በመታት ኳስ ቤትስ ገባ፤ 2 ለ 1። ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ፣ ዋንጫውም ሄደ።

አገር ምድሩ በስታትስቲክስ ላይ ተነሳ። «ኮምፒውተር ጨዋታውን ገደለው» ተባለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። እስቲ ቁጥሩ ምን ይል እንደነበር እንይ። አንድ ወርዋሪ ያንኑ መቺ በአንድ ምሽት ለ3ኛ ጊዜ ሲያገኘው መቺው ይሻሻላል። ኳሱን ለምዶታል፣ የወርዋሪውም ክንድ ዝሏል። ይህ በብዙ ሺህ ጨዋታ የታየ ነገር ነው፤ ስኔልም ቤትስን ለ3ኛ ጊዜ ሊያገኘው ነበር። ታምፓ ገንዘብ የሌለው ቡድን ነው፤ በዚያ አጭር የውድድር ዓመት 60 ጨዋታ ተጫውቶ 40 ያሸነፈው እንዲህ ያለውን ነገር አክብሮ ነው። ካሽም ያን ዓመት የአሜሪካን ሊግ ምርጥ ማናጀር ተብሏል።

ታዲያ የት ላይ ተሳሳተ? በእኔ እይታ ቁጥሩን ማመኑ ላይ አይደለም። ግማሹን ቁጥር ማመኑ ላይ ነው። «ስኔል ይውጣ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ትርጉም የለውም። ሙሉው ጥያቄ «ከደከመው ስኔልና ከሚተካው ሰው ማን ይሻላል?» የሚል ነው። አንደርሰን በመደበኛው ውድድር ድንቅ ነበር። ከዚያ ምሽት በፊት በገባባቸው 6 ተከታታይ ጨዋታዎች ግን በእያንዳንዱ ነጥብ ተቆጥሮበታል። ይህም ቁጥር ነው። እሱም በካሽ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

እናንተም አንድ ቀን ማናጀር ትሆናላችሁ። አንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት ውስጥ ስልክ የምትመልስ ሴት ነበረች። በየወሩ በሚወጣው ሪፖርት እያንዳንዱ ጥሪ ላይ ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትወስድ እሷ ናት። አለቃው ሪፖርቱን አይቶ ወደ ሌላ ክፍል አዛወራት። ሪፖርቱ የማይናገረው ነገር፣ ሌሎቹ ያቃታቸውን ጥሪ ሁሉ ወደ እሷ ያስተላልፉ እንደነበር ነው። እሷ ስትሄድ ያ ጥሪ የትም አልሄደም፤ እዚያው ቀረ። የሁሉም ደቂቃ ተረዘመ፣ ደንበኛው አበደ። «እሷን ካነሳን ይህን ማን ይሠራዋል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ደግሞ ቁጥር እንጠላለን የሚሉትን አትመኗቸው። የድሮ ደጋፊዎች ወርዋሪን የሚለኩት ባሸነፈው ጨዋታ ብዛት ነው፤ እሱስ ቁጥር አይደለም እንዴ? ጄከብ ዲግሮም በ2018 ለኒው ዮርክ ሜትስ ሲወረውር በ9 ኢኒንግ በአማካይ 1.70 ነጥብ ብቻ ነው የተቆጠረበት። ውጤቱ ግን 10 ድል፣ 9 ሽንፈት። ጓደኞቹ አይመቱለትም ነበራ! መራጮቹ ነገሩ ገብቷቸው የዓመቱን ምርጥ ወርዋሪ ሽልማት፣ ሳይ ያንግን፣ ሰጡት።

ወደ ሰፈራችን ቡድን፣ ወደ ናሽናልስ ልመለስ። በ2014 ሳን ፍራንሲስኮን 1 ለ 0 እየመራን፣ ሊያልቅ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር፣ ማናጀራችን ማት ዊሊያምስ ወርዋሪውን ጆርዳን ዚመርማንን አወጣው። ዚመርማን ከዚያ በፊት በነበረው ጨዋታው አንድም ምት አልፈቀደም። ተተኪው ድሩ ስቶረን እኩል አስደረገ፤ 18 ኢኒንግ ድረስ ተጎትተን 2 ለ 1 ተሸነፍን። በ2019 ደግሞ በወርልድ ሲሪስ 7ኛ ጨዋታ የሂውስተኑ ማናጀር ኤ.ጄ. ሂንች 2 ለ 1 እየመራ ወርዋሪውን ዛክ ግሪንኪን ከ80 ኳስ በኋላ አወጣ። ዊል ሃሪስ ገባ። የእኛው ሃዊ ኬንድሪክ ኳሷን ከቀኙ ጥግ ምሰሶ ጋር አላተማት፤ ምሰሶውን የነካች ኳስ ከአጥሩ እንዳለፈች ምት ትቆጠራለች፤ 6 ለ 2 አሸነፍን። ያን ሌሊት ዋሽንግተን ውስጥ ሂንችን የረገመ የለም፤ መረቅነው እንጂ።

እነዚህን ሁለቱን ግን አንድ ላይ አትክተቷቸው። ሃሪስ ያን ዓመት በጣም ጥሩ ነበር፣ የወረወራትም ኳስ ዝቅ ብላ ወደ ውጭ የሄደች ደህና ኳስ ናት። ትንሽ ብትስት ከመስመር ውጭ ነበረች። ኮከብ ወርዋሪውን ጌሪት ኮልን ለምን አላስገባም ማለት ይቻላል፤ ሂንች ግን እብድ አልነበረም። ውጤቱ ከፍቶ ውሳኔው ደህና የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አንዳንዴ ደግሞ የሚነጻጸርበት የለም። በ2012 ናሽናልስ 98 ጨዋታ አሸንፎ ነበር። ወርዋሪያችን ስቲቨን ስትራስበርግ በ2010 ክርኑን ቀዶ ሕክምና ስለተደረገ፣ አለቆቹ 159 ኢኒንግ ከሲሶ ላይ «በቃህ» ብለው ለዋንጫው ውድድር ሳይደርስ አሳረፉት። ቡድኑ በዋንጫው ውድድር የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ በመጨረሻው ጨዋታ 6 ለ 0 መርቶ፣ በሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ወደቀ። ከተማው ጮኸ። በ2019 ዋንጫውን ስናነሳ የወርልድ ሲሪሱ ኮከብ ማን ሆነ? ስትራስበርግ። ከዚያ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ፣ ጉዳት ተደራርቦበት ከዚያ በኋላ የወረወረው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። ታዲያ ማረፉ ጠቀመው ወይስ ለከንቱ ነበር? ያላረፈ ሁለተኛ ስትራስበርግ የለም እንዳናይ።

እኔ ብሆን አሳርፈው ነበር። ባለቤቴ ግን እስከ ዛሬ አትስማማም።