ጆሮዬ ሲጮህ አደረ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ኮንሰርት ሲመጣ ቀርቼ አላውቅም። ቦታዬ ስፒከሩ ሥር ነው፤ ቤዙ ደረቴን ካልመታኝ የገባሁ አይመስለኝም። ባለፈው ግን በባጃጅ ወደ ቤት ስመለስ ሹፌሩ የሚለኝ አልሰማ አለኝ፣ ጆሮዬም ሲጮህ አደረ። ያሰጋል እንዴ? (ከታቦር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጩኸቱ በማግስቱ ከለቀቀህ ለጊዜው ተርፈሃል። ግን ነገሩን አትናቀው። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉ ፀጉር መሰል ህዋሳት አሉ፤ አንዴ ከሞቱ መልሰው አይበቅሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፣ የኮንሰርት ድምፅ በአማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል፤ ስፒከር ሥር ደግሞ ይህን ማለፍ ቀላል ነው።

እና የት ልቁም ካልከኝ፣ ሚክሰሩ አጠገብ። ባለሙያው ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ሆኖ እየሰማ ስለሆነ፣ ስፒከር ሥር በቤዝ የሚዋጠው ማሲንቆና ሳክስፎን እዚያ ጥርት ብሎ ይሰማሃል (ለእኔ ምርጡ ቦታ እሱ ነው)። ሶፍት ጠቅልሎ ጆሮ ውስጥ መወተፍ እምብዛም አይረዳም፤ የስፖንጅ የጆሮ መድፈኛ ይሻላል። በየመሀሉም ወጣ ብለህ ጆሮህን አሳርፍ። ጩኸቱ ሁለት ቀን ካለፈው ወይም አንዱ ጆሮህ ድፍን ካለ ግን ሳትውል ሳታድር አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂድ።