ምቱን ይዘሃል፣ ክንዱን ግን ረስተኸዋል

ሰላም ወንድሜ፣

የሶፍትዌር ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነህ። በጓደኛህ የቪአር (ምናባዊ እውነታ) መነጽር ለቢት ሴበር፣ ማለትም በዘፈን ምት የሚመጡ ኖታዎች በሁለት እጅ በሰይፍ ለሚቆረጡበት ጨዋታ፣ የሠራኸውን ማፕ (የኖታዎቹን አደራደር) ለአንድ የጨዋታ ስቱዲዮ ልከህ «ኖታዎቹ ምቱን ይዘዋል፣ ፍሎው (የእጅ እንቅስቃሴ ፍሰት) ግን የላቸውም» የሚል መልስ ደረሰህ። አሁን «ይህን ትቼ ኮዴ ላይ ባተኩር ይሻላል ወይ?» ትለኛለህ። አትተወው። የተነገረህ ግን እውነት ነው፤ ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

ዘፈኑ በደቂቃ 160 ምት ይሄዳል። አንድ ምት 375 ሚሊሰከንድ፣ ሩቡ ደግሞ 94 ገደማ ነው። አንተ ለቀኝ እጅ ሦስት ወደ ታች የሚቆረጡ ኖታዎችን በሩብ ምት ልዩነት ደርድረሃል። ጆሮ ይቀበለዋል፣ ክንድ ግን እምቢ ይላል። ወደ ታች የቆረጠ እጅ ታች ቀርቷል፤ እንደገና ወደ ታች ለመቁረጥ በዚያች ቅጽበት ባዶውን ወደ ላይ መመለስ አለበት። ማፐሮች ፓሪቲ የሚሉት ይህንን ነው፦ ከታች በኋላ ላይ፣ ከላይ በኋላ ታች። ሕጉ የሚጣስበት ቦታም አለ። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ፣ ከበሮው ሲያርፍ እጅን ባዶ መመለስ እንዲያውም ያምራል። አንተ ግን የጣስከው ዘፈኑ በሚጣደፍበት ቦታ ነው። እያንዳንዱን ኖታ ስታስቀምጥ «ያለፈው ኖታ እጁን የት ጥሎታል?» ብለህ ጠይቅ።

ልቤን የነካው ሁለተኛው ማፕህ ነው፤ ጓደኛህ በኪቦርድ የተጫወተው ችክችካ። በ6/8 የሚሄድ ምት ሦስት ሦስት እየሆነ ይመጣል፣ ሦስት ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ነው። ሦስቱንም ለአንድ እጅ ከሰጠህ፣ ከባዱ ምት አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ላይ ይወድቃል። አንተ ሁልጊዜ ወደ ታች እንዲሆን ስትታገል ፓሪቲውን ሰበርከው። እንዲህ ሞክረው፦ አንደኛውን ለቀኝ እጅ ወደ ታች፣ ሁለተኛውን ለግራ፣ ሦስተኛውን እንደገና ለቀኝ ወደ ላይ። ቀኙ በየዙሩ ከባዱን ምት ወደ ታች ይመታል፤ ግራው ደግሞ በአንዱ ዙር ወደ ታች፣ በሚቀጥለው ወደ ላይ ይሄዳል። ማንም እጅ ባዶውን አይመለስም፣ የችክችካው ስበትም በተጫዋቹ ክንድ ላይ ይሰማል። እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻው ያለፈውን ሳይጨርስ ሌላ አይጀምርም፤ ይህን እኮ ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቀዋለህ!

ወደ ሥራው ልምጣ። ማፕ ብቻ ሠርቶ የሚያድር ሰው ጥቂት ነው። ማፕም ኮድም የሚችል ግን በጨዋታ ደረጃ (ሌቭል) ንድፍም ሆነ የንድፍ መሣሪያ በሚሠራ ቡድን ውስጥ ይፈለጋል፤ ኮድህን ከማፑ ለይተህ ማየትህ ነው የተሳሳትከው። የቢት ሴበር ማፕ በጄሰን (መረጃን በጽሑፍ በሚዘረዝር ቅርጸት) የተጻፈ ፋይል ነው፦ የእያንዳንዱ ኖታ ጊዜ፣ ዓምድ፣ ረድፍ፣ ቀለምና የመቁረጫ አቅጣጫ ተዘርዝሮ ይገኛል። አንድ እጅ በተከታታይ በአንድ አቅጣጫ እንዲቆርጥ የተጠየቀበትን ቦታ እየለቀመ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍ። ለቃለ መጠይቅ ከአምስት ማፕ ይልቅ ይህ ያወራልሃል።

መነጽሩ የጓደኛህ መሆኑ አያስጨንቅህ። ኦሱ በነጻ የሚገኝ፣ በተራ ኮምፒውተር የሚሠራ የሙዚቃ ምት ጨዋታ ነው። እዚያ ማፕ ደረጃ ከማግኘቱ በፊት ልምድ ያላቸው ማፐሮች ይመረምሩታል፤ ትችት ተቀብሎ ማረምን የምትለማመደው በዚህ ነው።

ለሚቀጥለው ማመልከቻ የችክችካውን 90 ሰከንድ ብቻ ምረጥ። የመጀመሪያውንና የታረመውን ጎን ለጎን አድርገህ፣ ምን ለምን እንደቀየርክ በአጭሩ ጻፍበት። ከጓደኛህም በዜማው ለመጠቀም የጽሑፍ ፈቃድ ተቀበል።

ከመላክህ በፊት ደግሞ ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው አጫውተው፤ አንተ ማያ ገጹን ትተህ እጁን ቅረጽ። ክንዱ የተደናገረበትን ሰከንድ መዝግበህ ቪዲዮውን ለእኔም ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።