መልስ፦ የትምህርት ቤቱ አማካይ ውጤት ወረደ፣ ልጄን ላስወጣው?

ወንድሜ፣ ቶሎ አትደናገጥ። አማካይ ውጤት ስለወረደ ብቻ ማስተማሩ ተበላሸ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ስንት ተማሪ እንደተፈተነ አጣራ። ለምሳሌ ኤስ ኤ ቲን፣ የአሜሪካን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ውሰድ፤ ውጤቱ ከ400 እስከ 1600 ነው። ጎበዞቹ ብቻ ሲፈተኑ አማካዩ ሽቅብ ይወጣል። ሁሉም ይፈተን ሲባል ይወርዳል፣ መምህሩም መጽሐፉም ያው ሆኖ። ሁሉንም የሚያስፈትኑ የአሜሪካ ግዛቶች አማካያቸው ዝቅ ብሎ የሚታየውም በዚህ ነው።

የተፈታኙ ብዛትም ቀላል ነገር አይደለም። 20 ልጆች ከተፈተኑና ሁለቱ እያንዳንዳቸው 300 ነጥብ ዝቅ ካሉ፣ አማካዩ በ30 ይቀንሳል። ተፈታኞቹ 500 ቢሆኑ ግን ለውጡ 2 ነጥብ እንኳ አይሞላም።

እኔ ብሆን በአንድ ዓመት ቁጥር ልጅ አላስወጣም። የሦስት አራት ዓመቱን ጎን ለጎን አያለሁ። ደግሞ ልጆቹ ሲገቡ ምን ላይ ነበሩ? አሁንስ የት ደረሱ? ጎበዝ እየመረጠ የሚያስገባ ትምህርት ቤት ውጤቱ ቢያምር ምን ይገርማል! (ማስታወቂያው ላይ ይህን አይነግሩህም።) ርዕሰ መምህሩን የየትምህርቱን ውጤት ለብቻ ጠይቀው። የወረደው ሒሳብ ብቻ ከሆነ፣ ምናልባት መምህር ተቀያይሮ ይሆናል።