ደብረ ማርቆስ ላይ የጨው ውኃ አኳሪየም መጀመር ለሚፈልገው ወንድማችን

ሰላም ወንድም ዓለም። ጥያቄህን አነበብኩት። 40 ሊትር የምትይዝ የመስታወት ገንዳ አለችህ፤ ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) እና ክላውንፊሽ (ትንሽ የባሕር ዓሣ) ልታኖርባት አስበሃል፤ ጨውን ከአፋር አሞሌ፣ ውኃውን ከቧንቧ አድርጌ በሳምንቱ ዓሣ ባስገባ ምን ይለኛል ብለህ ጠይቀሃል። ቀድመውኝ የመለሱልህ አብዛኞቹ «ጎጃም ላይ የማይታሰብ ነው» ብለውሃል። ይታሰባል። እኔ ባሕር ዳር ቤቴ ውስጥ ዓመታት ያስቆጠረ ትንሽ ሪፍ፣ ማለትም ኮራል የሚኖርበት የጨው ውኃ ገንዳ አለኝ። ነገር ግን ባሰብከው መንገድ ከሄድክ ዓሣዎቹ ይሞቱብሃል፤ ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

በገንዳው ልጀምር። 40 ሊትር ለጀማሪ ትንሽ ነው። ውኃው ባነሰ ቁጥር ሙቀቱም ጨዋማነቱም ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ኮራል ደግሞ የሚጠላው መለዋወጥን ነው። መስታወት ቤት ሄደህ 60 በ40 በ40 ሳንቲሜትር ብታሠራ 96 ሊትር ይሆናል፤ ድንጋይና አሸዋ ሲገባበት 80 ገደማ ውኃ ይቀርሃል። ሲሊኮኑን ራስህ አይተህ ግዛ። ለመታጠቢያ ቤት ተብሎ ሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት መርዝ ነውና አይሆንም፤ ንጹሕ ሲሊኮን ይሁን። ሲሞላ ከመቶ ኪሎ ስለሚያልፍ ጠረጴዛው ጠንካራና ውኃ ልኩ የተስተካከለ መሆን አለበት።

ወደ አሞሌው እንምጣ። የባሕር ውኃ በኪሎ 35 ግራም ገደማ የሟሟ ጨው አለው። ከዚህ ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ አሞሌም ሆነ ሱቅ የምናገኘው የአፍዴራ ጨው የሚሰጥህ ይህንኑ ነው። ኮራልን የሚያኖረው ግን የቀረው ነው፦ ማግኒዥየም በሊትር 1,300 ሚሊግራም ገደማ፣ ካልሲየም 420 ገደማ፣ ፖታሲየም 400 ገደማ፣ ሰልፌት፣ ባይካርቦኔትና ሌሎችም በጥቂት በጥቂቱ። ጠንካራ ኮራል አጽሙን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው፤ ማግኒዥየም ሲያንስ ደግሞ ሁለቱ ውኃው ውስጥ ተጣምረው ይዘቅጡና ኮራሉ ሳይጠቀምባቸው ይቀራሉ። ስለዚህ ለሪፍ ተብሎ የተዘጋጀውን ሰው ሠራሽ የባሕር ጨው ማስመጣት የግድ ነው። ለ80 ሊትር መነሻ 3 ኪሎ ገደማ፣ ለየሳምንቱ ቅያሪ 300 ግራም ገደማ ትፈልጋለህ። በዓመት 15 ኪሎ ሊሆን ነውና በትንንሽ ከረጢት ከማመላለስ ትልቁን ባልዲ አንዴ ማዘዝ ያዋጣል።

ጨው የሚበጠበጠው በሌላ ባልዲ ነው። መጀመሪያ ውኃው፣ ቀጥሎ ጨው፣ ከዚያ ፓምፕ ከትተህ አሳድረው። ልኩን የምታየው በሪፍራክቶሜትር (ጨዋማነትን በብርሃን በሚለካው መሣሪያ) ነው፤ በኪሎ 35 ግራም ላይ ይቁም። ከፕላስቲክ የተሠራው ባለ መርፌ መለኪያ የአየር አረፋ እየያዘ ስለሚዋሽ ገንዘብህን አታጥፋበት።

የቧንቧ ውኃ ክሎሪን አለው፤ በዚያ ላይ ከቧንቧው የሚመጣ ብረታ ብረትም ሊኖርበት ይችላል። ከጣና በጀሪካን አስመጣ ያለህን ወንድም አክብሬ እቃወመዋለሁ፤ ክረምት ላይ ከየማሳው የታጠበው አፈርና ማዳበሪያ የሚገባው እዚያው ነው፤ ናይትሬቱና ፎስፌቱ አልጌን ያደልባል። የክረምት ዝናብ ልጠራቅም እንዳትል ደግሞ የኛ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ የሚለበጠው በዚንክ ነው፤ ዚንክ ደግሞ ለቀንድ አውጣ፣ ለሽሪምፕና ለኮራል መርዝ ነው። የሚያስተማምነው በአር ኦ (ውኃን በቀጭን ስስ ወንፊት ገፍቶ በሚያጣራው) ማጣሪያ አልፎ፣ የቀረውን የሟሟ ማዕድን በሚይዘው ዲአዮናይዘር የወጣ ውኃ ነው፤ ውኃው ውስጥ የሟሟውን የሚለካው መለኪያ (ቲዲኤስ) ዜሮ ማሳየት አለበት። ማጣሪያውን እስክታገኝ ንጹሕነቱን ያረጋገጥከው ዲስትልድ ውኃ ይሠራል። ለመኪና ባትሪ ተብሎ የሚሸጠው ግን አንዳንዱ አሲድ የገባበት ነው፤ ሳታጣራ እንዳትገዛ።

አሁን ደስ ወደሚለኝ ክፍል ልግባ፤ ድንጋዩ። ሪፍ የሚቆመው በድንጋይ ላይ ነው፤ ውኃውን የሚያጠሩት ባክቴሪያዎች የሚኖሩትም በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ውጭ አገር ደረቅ የሪፍ ድንጋይ በኪሎ ይሸጣል፤ እኛ ግን ከደጃችን አለን። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ጥቁሩ ድንጋይ አልቆ ነጣ፣ ቢጫ ቢጫ ያለ ድርብርብ ገደል ይጀምራል። ያ የኖራ ድንጋይ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ይህ አገር ባሕር በነበረ ጊዜ የተነጠፈ ነው፤ ውስጡ የባሕር እንስሳት ቅሪት፣ ኮራልም ጭምር ይገኝበታል። ዛሬ ሲሚንቶ የሚሆነው ይኸው ድንጋይ ነው። በአንድ ዘመን የባሕር ወለል የነበረ ድንጋይ ተመልሶ ኮራል ሲበቅልበት ማየት እንዴት እንደሚያስደስት ልነግርህ አልችልም።

ድንጋይ ከሚፈልጡት ሰዎች ስትገዛ አቼቶ በትንሽ ጠርሙስ ይዘህ ሂድ። የድንጋዩን ፊት በቢላ ፋቅ አድርግና ጠብ አድርግበት። የኖራ ድንጋይ ከሆነ ወዲያው «ችስስ» ብሎ ጥቃቅን ነጭ አረፋ ይደፍቃል። ዝም ካለ ጀሶ ወይም ሌላ ነገር ሊሆን ይችላልና ተወው፤ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ጀሶም አለ፣ ውኃ ውስጥ ደግሞ ይሟሟል። የዛገ መስመር፣ የሚያብለጨልጭ ማዕድን ወይም ጭቃ ያለበትንም አትውሰድ። የቀንድ አውጣ ወይም የዛጎል ቅርጽ ጎልቶ የሚታይበት ካጋጠመህ እባክህ ባለበት ተወው፤ እሱ ቅርስ ነው፣ ለሚያጠኑት ይቅር። የኛ ድንጋይ ጥቅጥቅ ያለና ከባድ ስለሆነ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ምረጥ። በብሩሽ ፈትገህ እጠበው፣ ውኃውን እየቀያየርክ ሳምንታት ዘፍዝፈው፣ በመጨረሻም የዘፈዘፍክበትን ውኃ በፎስፌት ቴስት ኪት ለካው። ገንዳው ውስጥ ስትደረድር መጀመሪያ ድንጋዩ መስታወቱ ላይ ይረፍ፣ አሸዋው በኋላ ይግባ፤ አሸዋ ላይ ያረፈ ድንጋይ ሥሩ ሲማስ ተንሸራቶ መስታወት ይሰብራል።

የከፍታን ነገር ማንም አያነሳልህም፤ መመሪያዎቹ የሚጻፉት በአብዛኛው ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የአየር ግፊቱ አንተ ጋ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም አብሮት ያንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውኃ ጠረፍ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ 5 ገደማ ነው የሚይዘው። ስለዚህ መጽሐፍ አራት ዓሣ ይበቃል ቢልህ አንተ ሁለት አድርግ። በሰዓት 1,200 ሊትር ገደማ የሚገፋ ፓምፕ ግዛና አፉን ወደ ላይ አዙረው፤ የውኃው ፊት ሁልጊዜ ሲናወጥ መታየት አለበት። ክዳኑም መስታወት ሳይሆን መረብ ይሁን።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ዓሣን ቀድሞ የሚገድለው ብርድ እንዳይመስልህ፤ መታፈን ነው። አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ የእጅ ባትሪ ሳበራ ሁለቱም ክላውኖቼ ውኃው ፊት ላይ ተሰቅለው፣ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ የስንጥባቸው ክዳን ቶሎ ቶሎ ሲከፈትና ሲዘጋ አየሁ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን የአየር ፓምፕ ስከትላቸው ቀስ በቀስ ወደ ድንጋያቸው ወረዱ። ይህ ፓምፕ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ከዓሣው በፊት ግዛው። አቅሙ ካለህ ደግሞ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ከመኪና ባትሪ ጋር አያይዝ። 50 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀም እንኳ 10 ዋት የሚወስድ ፓምፕን ከአንድ ቀን በላይ ያንቀሳቅሳል። መብራት እስኪመጣ ምግብ አትስጥ፣ ገንዳውን ዙሪያውን በጋቢ ጠቅልለው፣ ላዩን ግን ክፍት ተወው። ምንም መሣሪያ ከሌለህ በጆግ እየቀዳህ ከፍ አድርገህ መልሰህ ማፍሰስም ይረዳል። ዝግ የውጭ ፊልተር ካለህ ለብዙ ሰዓት ቆሞ ከነበረ ሳታጥበው አታስነሳው፤ ውስጡ የከረመው ውኃ ይበላሻልና ወደ ገንዳው ይተፋዋል።

በሳምንት ዓሣ ማስገባት ያልከውን እርሳው። ዓሣ ከስንጥቡ የሚያወጣው ቆሻሻና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ናይትሬት ጉዳቱ አነስተኛ ነው፣ በውኃ ቅያሪም ይወጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ደግሞ እንደ ጠላ ጥንስስ ጊዜያቸውን ጠብቀው ነው የሚደርሱት። አራት፣ አምስት፣ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ሲበርድ ይዘገያል። ለመጀመር የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጥሬ የቀረሶ ሥጋ በቀጭን ጨርቅ ቋጥረህ ጣልበት፤ ስትበሰብስ አሞኒያ ትሰጣለች። በየጊዜው ለካ። አሞኒያው ወጥቶ ይወርዳል፣ ናይትራይቱ ተከትሎት ወጥቶ ይወርዳል፤ ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲታይህ ገንዳው ደርሷል። የባሕር ውኃ ፒኤች (የአሲድነት ልኩ፤ ከፍ ሲል አሲድነቱ ያንሳል) 8.2 ገደማ ስለሆነ አሞኒያ እዚህ ላይ ከጨው አልባ ውኃ ይልቅ መርዝነቱ ይብሳል፤ መቸኮል የማያዋጣው ለዚህ ነው። በመካከሉ ድንጋዩና አሸዋው ቡናማ ይለብሳል፣ ቀጥሎ አረንጓዴ። ይህ የጤና ነው፤ ኬሚካል አትጨምርበት።

እንስሳቱን ስታስመጣ መንገዱን አስብ። እኛ ጋ ገበያ ስለሌለ ከአዲስ አበባ በትዕዛዝ ነው የሚመጣው፤ አውቶቡሱ ደግሞ ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ የበረሃውን ሙቀት ቀምሶ ደጀን ላይ ብርዱ ውስጥ ይወጣል። የፌስታሉ ውኃ አብሮ እንዳይሞቅና እንዳይቀዘቅዝ ክዳን ባለው የፎም ሳጥን አስይዘው፤ ከአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሳይሆን ሰው እግር ሥር ይሁን፤ ጉዞውም ሌሊት ማለዳ ተነስቶ በረሃውን ሳይሞቅ የሚያልፍ ይሁን። ሲደርስህ የፌስታሉን ውኃ ገንዳህ ውስጥ አትገልብጥ። ሙቀቱን አመሳስለህ፣ የገንዳህን ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርክ አለማምደህ፣ እንስሳውን ብቻ አውጣ።

መጀመሪያ ቀንድ አውጣዎች፣ ወር ያህል ቆይቶ ለስላሳ ኮራል፣ በመጨረሻ ሁለት ትንንሽ ክላውንፊሽ። ሰው ያረባቸውን ጠይቅ፤ ከባሕር ከተያዙት ይልቅ ጠንካሮች ናቸው። ክላውንፊሽ በባሕር የሚጠለልበት አኔሞን የሚባለው ባለ ብዙ ክንድ እንስሳ አያስፈልጋቸውም፤ አኔሞን ለአዲስ ገንዳ ከባድ እንስሳ ነው። ከኮራል ዓይነቶች ማሽሩም የሚባለው ለስላሳው ይሻልሃል። ጠዋት ሰማያዊው መብራት ሲበራ ተጨብጦ ያደረው ቀስ ብሎ ሲዘረጋ ታየዋለህ፤ በሥጋው ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ሠርተው ስለሚያካፍሉት በቀን 8 ሰዓት ገደማ ጥሩ ኤል ኢ ዲ ይበቃዋል።

ዞአንተስ የሚባለው ባለ አበባ መልክ ኮራልም ቀላልና የሚያምር ነው። ግን ልብ በል፦ አንዳንዱ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ አደገኛ መርዝ አለው። ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አትንካው። የበቀለበትን ድንጋይ ደግሞ በፍጹም አትቀቅል፣ የፈላ ውኃም አታፍስበት፤ በእንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባበት አጋጣሚ በተለያየ አገር ተመዝግቧል። ልጆች ካሉህ ይህን ኮራል ለጊዜው ተወው።

ከጅቡቲ የሚመጣ ዘመድ ኮራል ይያዝልኝ የምትል ከሆነ ተው። ጠንካራ ኮራል በዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቀ ነው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፍም። ፈቃዱን የሚጠይቅልህ ሕጋዊ አስመጪ ነው፤ ወረቀቱንም አሳየኝ በለው። ዓሣ ከታመመም መዳብ ያለበትን መድኃኒት ዋናው ገንዳ ውስጥ አትጨምር፤ ኮራሉንና ሽሪምፑን ይጨርሳል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብዙ አይደለም። የሚተነው ውኃው ብቻ ስለሆነና ጨው ስለሚቀር በየቀኑ የጎደለውን በጨው አልባ ንጹሕ ውኃ ሙላ፤ በበጋ ነፋስ ይህ ይበዛል። በሳምንት 8 ሊትር ቀይር። የሚደፋውን ውኃ ጓሮ ጌሾህ ሥር አታፍስስ፤ 8 ሊትሩ 280 ግራም ገደማ ጨው ይዟል፣ አፈሩን ያመክናል። ፍሳሽ መስመር ውስጥ ይግባ።

ስለ ሂተር (የገንዳው ውኃ ማሞቂያ) የጠየቅከው ቀርቶኝ ነበር። ውኃው 25 ዲግሪ ላይ መቆም አለበት፤ የእናንተ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ከኛ ይብሳል። አንድ ባለ 200 ዋት ከምትገዛ ሁለት ባለ 100 ዋት ግዛ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆይልሃል፣ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀርም ብቻውን ገንዳውን አያፈላም። ከመግዛትህ በፊት ገንዳው በሚቀመጥበት ክፍል ሌሊት ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ለክተህ እዚሁ ጻፍልኝ፤ ይበቃህ አይበቃህ እንደሆነ አብረን እናሰላዋለን።