ሴል ውስጥ ጭነት የሚያመላልሱት ፕሮቲኖች፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች! የማጠናው ሴል ውስጥ ጭነት ስለሚያመላልሱ ፕሮቲኖች ነው። ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ፣ በጣም ደስ ብሎኛል። እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሴል እኮ በዓይን እንኳን አትታይም። ማጓጓዣ ምን ያደርግላታል?

ትንሽ ሴል ውስጥ ብዙ ነገር በራሱ ይደርሳል። ሞለኪውሎች እረፍት ስለሌላቸው እየተጋጩ ይሰራጫሉ። ጣጣው ርቀቱ ሲረዝም ነው፤ መንገዱ 10 እጥፍ ሲሆን ጊዜው 100 እጥፍ ይሆናል። አሁን ከወገብህ ተነስቶ እግር ጣትህ ድረስ የሚወርደውን የነርቭ ሴል አስበው። ርዝመቱ 1 ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም የአንድ ሴል ብቻ! አንድ ፕሮቲን ይህን መንገድ በስርጭት ብቻ ይሂድ ቢባል ከ1,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በሞተር ፕሮቲን የሚጎተተው ፈጣን ጭነት ግን በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ስለሚጓዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከች ይላል።

ጥያቄ፦ ማን ደረሰበት?

ኪኔሲን የተባለውን ሞተር በ1985 እ.ኤ.አ. ያገኙት ሮናልድ ቬል፣ ቶማስ ሪስ እና ማይክል ሺትስ ናቸው። ቦታው አሜሪካ ውስጥ ዉድስ ሆል የሚገኘው የባሕር ሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ነው። ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ በጣም ወፍራም የነርቭ ክር አለው፤ ውስጡን ጨምቀህ አውጥተህ በማይክሮስኮፕ ልታየው ትችላለህ። ከሴሉ ከወጣ በኋላም ኤቲፒ (የሴል ነዳጅ የሆነው ሞለኪውል) ሲጨመርበት ጭነቱ ማይክሮቲዩብል በሚባሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ መጓዙን አላቆመም። ስለዚህ የሚገፋውን ፕሮቲን ለይቶ ማውጣት ተቻለ። እኔ ይህን ሙከራ በጣም ነው የምወደው።

ጥያቄ፦ "ይራመዳል" የሚሉት እውነት ነው?

አዎ። ኪኔሲን ቱቦውን የሚይዝባቸው ሁለት ክፍሎች አሉት፤ እየተፈራረቁ ወደፊት ያልፋሉ። አንድ እርምጃ 8 ናኖሜትር ነው፣ ለእያንዳንዱም አንድ ኤቲፒ ይከፈላል። እርምጃው በ1993 እ.ኤ.አ. የተለካው በሌዘር ጨረር ጥቃቅን ነገር በሚይዝ መሣሪያ ነው። የመሣሪያው ፈልሳፊ አርተር አሽኪን በ2018 እ.ኤ.አ. በ96 ዓመታቸው የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት ቪዲዮዎች ግን ያሳስታሉ። ኪኔሲን ዘና ብሎ ሲንሸራሸር ያሳያሉ። እውነታው ሌላ ነው፤ የውሃ ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው ይደበድቡታል፣ የተነሳው ክፍልም ወዲህ ወዲያ ሲወራጭ ቆይቶ ነው ቀጣዩን ቦታ የሚይዘው፣ የኤቲፒ ሥራ ደግሞ ያ ሁሉ መወራጨት ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያደላ ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ የካንሰር መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ እግሯ ይደነዝዛል። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። መድኃኒቱ ፓክሊታክሰል ወይም ቪንክሪስቲን ከሆነ ሊገናኝ ይችላል። ሁለቱም የሚያጠቁት ማይክሮቲዩብልን ነው። ቪንክሪስቲን ቱቦው እንዳይገነባ ያደርጋል፤ ፓክሊታክሰል ደግሞ የተገነባው እንዳይፈርስ ያጸናዋል። በሁለቱም መንገድ የካንሰር ሴል መከፋፈል ያቅተዋል። ነርቭም ግን ጭነቱን የሚያጓጉዘው በዚያው ሐዲድ ላይ ነው። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚጎዱ ነው ድንዛዜው ብዙ ጊዜ ከእግርና ከእጅ ጣት የሚጀምረው። ለሐኪሟ ዛሬውኑ ንገሪ፤ መጠኑን ማስተካከል ይቻላል። በራሳችሁ ግን እንዳታቋርጡት።

ጥያቄ፦ የእብድ ውሻ በሽታ በነርቭ ነው የሚሄደው ይባላል። እንዴት?

ኪኔሲን በአብዛኛው ከሴሉ እምብርት ወደ ዳር ይጭናል። ከዳር ወደ መሃል የሚመልሰው ዳይኒን የሚባለው ሌላ ሞተር ነው። ቫይረሱ ነርቭ ጫፍ ውስጥ ገብቶ በዚህ በመልሱ ጉዞ ተጭኖ ወደ አንጎል ይወጣል። ፊቱን የተነከሰ ሰው እግሩን ከተነከሰው ቶሎ የሚታመመው አንዱ ምክንያት የመንገዱ ማጠር ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥባችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ለክትባት ጤና ተቋም ሂዱ። ቫይረሱ አንጎል ሳይደርስ መቅደም ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዳይኒንን በመድኃኒት ማስቆም አይቻልም?

ጥሩ አሰብክ፣ ግን አያዋጣም። ዳይኒን ለሁሉም ሴሎቻችን ያስፈልጋል፤ ሴል ሲከፋፈልም ይሠራል። እሱን ብናስቆም ከቫይረሱ በፊት የምንጎዳው እኛው ነን።