ቅዳሜ የተስተካከለው ቤት ማክሰኞ ለምን ይበታተናል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት፣ ሦስት ልጆች፣ አንቺም ባለቤትሽም ሥራ ትውላላችሁ። ቅዳሜን ሙሉ ስታስተካክዪ ትውያለሽ፤ ማክሰኞ ሲደርስ ቤቱ ተመልሶ ያው ነው። ሌላ ቁም ሳጥን ለመግዛት አቅም የለም። «ከየት ልጀምር?» ብለሻል። እኔም አራት ልጆች በጠባብ ቤት ውስጥ አሳድጌያለሁና ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በመጀመሪያ ራስሽን አትውቀሺ። የእረፍት ቀኗን ቆማ የምትውል ሴት ሰነፍ አትባልም። ችግሩ ዕቃው ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። ወይ ደግሞ ቦታ አለው፤ ግን ሰው ዕቃውን ከእጁ ከሚያወርድበት ይርቃል። ደክሞት የገባ ልጅ ቦርሳውን ለመስቀል መኝታ ክፍል ድረስ አይሄድም። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ይጥለዋል። ብትቆጪውም ብትመክሪውም ነገ እዚያው ነው የሚጥለው። እኔ ልጆቼን ለመቀየር ብዙ ዓመት ታገልኩ። ነገሩ የተፈታው ግን የመስቀያውን ቦታ ስቀይር ነው።

ትልቁ ስህተቴ ከግዢ መጀመሬ ነበር። ክዳን ያላቸው 6 የፕላስቲክ ሳጥኖች ገዛሁና ደራረብኳቸው። ያምሩ ነበር። ወር ሳይሞላ የላይኛው ሳጥን ክዳን ላይ ዕቃ ተከመረ። ለምን ብዬ ሳስበው፣ ታችኛው ሳጥን ውስጥ አንድ ካልሲ ለመክተት ከላይ ያሉትን ሳጥኖች አንስቶ ክዳን መክፈት ያስፈልጋል። ማን ያደርገዋል? ከዚያ ወዲህ በየቀኑ የሚነካ ዕቃ ክዳን በሌለው ነገር ውስጥ፣ በአንድ እጅ በሚከተትበት ቦታ ነው የማስቀምጠው። ክዳን ያለው ሳጥን በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ ለሚወጣ ዕቃ ይሁን። ስለዚህ ለመጀመሪያው ወር ምንም አትግዢ። ያለሽ ነገር ይበቃል።

ግዢውን ትተሽ ለ4 ወይም ለ5 ቀን ተመልከቺ። ደብተር ያዢ። ቤቱ ሲበታተን አትንኪው፤ ምን የት እንደተጣለ ብቻ ጻፊ። ይህን ማድረግ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ያልተነሳ ዕቃ እያዩ ማለፍ ያበሽቃል። ግን ከሁሉም የጠቀመኝ ይሄ ነው። በእኔ ዝርዝር ላይ ቦርሳዎች በር አጠገብ ወንበር ላይ፣ ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ፣ ካልሲ ሶፋ ሥር፣ ወረቀት ፍሪጅ ላይ፣ ቻርጀር ሶኬቱ ሥር ወለል ላይ ነበሩ። በየቀኑ አንድ ዓይነት! ቤቱ በዘፈቀደ የሚበታተን ይመስለኝ ነበር። ለካ እያንዳንዱ ዕቃ ራሱ የመረጠው ቦታ አለው። የቀረኝ ሥራ እዚያው ቦታ ላይ ማረፊያ ማዘጋጀት ብቻ ሆነ።

ከበሩ ጀመርኩ። አንድ ጣውላ ላይ ሚስማሮች በተርታ መታሁና ጣውላውን በሁለት ሚስማር ብቻ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። የኪራይ ቤት ስለሆነ ግድግዳው እንዳይበሳሳ ነው፤ ለአንቺም ይሄ ይጠቅምሻል። ከፍታውን በልጆቹ ትከሻ ልክ አደረግኩት። አዋቂ በሚደርስበት ከፍታ ከተሰቀለ ልጅ አይጠቀምበትም። የባለቤቴን ቁልፍ በተመለከተ ደግሞ መኝታ ክፍል መስቀያ አዘጋጅቼለት አንድም ቀን አልሰቀለበትም። ጠረጴዛው ጥግ ላይ፣ ድሮም በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ አንድ ትንሽ ሳህን አስቀመጥኩ። ቁልፍ ፍለጋ እዚያ ላይ ቆመ። ሶፋው አጠገብ ደግሞ ለካልሲ ትንሽ ቅርጫት አኖርኩ። ሳሎን ውስጥ የቆሻሻ ልብስ ቅርጫት አያምርም የሚል ይኖራል። ሶፋ ሥር ከተበተነ ካልሲ ግን ይሻላል።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር መቀነስ ነው። ቦታ የማይበቃው ብዙ ጊዜ ዕቃው ስለበዛ ነው፤ የበዛ ዕቃ ደግሞ የቱንም ያህል ቢደረደር መልሶ ይፈሳል። ግን ቤቱን በሙሉ በአንድ ቀን አታውጪ። እኔ አንድ ምሽት ቁም ሳጥኑን እንዳለ አልጋ ላይ ገለበጥኩትና እኩለ ሌሊት ሆነ፣ አላለቀም። መልሼ እንዳለ ጠቀጠቅኩት። አሁን አንድ መሳቢያ ብቻ ነው የማወጣው። ሲያልቅ እዘጋለሁ፤ ጊዜ ካለኝ ሌላ እከፍታለሁ። የሚቀረው ይመለሳል፣ የተበላሸው ይጣላል፣ ለሰው የሚሰጠው ፌስታል ውስጥ ይገባል። ያ ፌስታል በሳምንቱ ከቤት መውጣት አለበት። ከቆየ ልጆቹ አንድ በአንድ እያወጡ ይመልሱታል።

«ምናልባት ያስፈልገኛል» የምትያቸውን ካርቶን ውስጥ ክተቺ፣ በፕላስተር አሽጊ፣ ቀኑን ጻፊበት። 6 ወር ካልከፈትሽው ስጪው። ለልብስ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። መስቀያዎቹን በሙሉ አፋቸውን ወደ ኋላ አዙረሽ ስቀዪ። አንድ ልብስ ለብሰሽ ስትመልሺ ብቻ መስቀያውን ወደ ትክክለኛው አዙሪ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሳይዞር የቀረው፣ ያልተለበሰው ነው። ክርክር አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ የሚቆጨኝን ነገር ልንገርሽ። የትልቋ ልጄን አሮጌ አሻንጉሊት ሳልጠይቃት ሰጠሁባት። ለእኔ የተቀደደ ጨርቅ ነበር። አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዕቃዎቿን ትራሷ ሥር እየደበቀች አገኝ ነበር። ቤት ለማስተካከል ብዬ ልጄን በገዛ ቤቷ እንድትሰጋ አደረግኳት። የልጅም የባልም ዕቃ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይወጣም። ዛሬ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ የሆነ አንድ የጫማ ሳጥን አለው። ውስጡ ያለውን ማንም አይነካም፣ እኔም ጭምር።

ስለ ማስቀመጫዎች። የጫማ ሳጥን በመሳቢያው ቁመት ልክ ቆርጠሽ መከፋፈያ አድርጊው። የውስጥ ልብስ፣ ካልሲ፣ የፀጉር ማስያዣ፣ እርሳስ፣ ሁሉም የየራሱ ክፍል ይኖረዋል። ቲሸርትና የልጆች ልብስ አንዱን በአንዱ ላይ ከመደራረብ አጥፈሽ እንደ መጻሕፍት ጎን ለጎን አቁሚው። አንዱን ስታወጪ ሌላው አይፈርስም፤ ልጅም የሚፈልገውን ለማግኘት ክምሩን አይቆፍርም። አንሶላን አጥፈሽ በራሱ ትራስ ልብስ ውስጥ ክተቺው፤ ሌሊት ልጅ አልጋው ላይ ቢሸና ሙሉውን በአንድ ጊዜ ታነሺዋለሽ። ባዶ የተቀመጠ ሻንጣ ካለሽ በዚህ ወቅት የማይለበስ ልብስ ያዥበት። ስታስቀምጪ ግን ልብሱ ታጥቦ በደንብ የደረቀ ይሁን። ላብና የምግብ ነጠብጣብ ያለበት የሱፍ ልብስ ብል ይጠራል፤ እርጥበት የያዘ ልብስ ደግሞ ይሻግታል። የሶፍት ጥቅልል መሃል ያለውን የወረቀት ቱቦ አትጣዪው፤ የቻርጀርና የኤክስቴንሽን ገመድ አጥፈሽ ብትከቺበት አይጠላለፍም።

ካርቶን በነፃ የሚገኝ ቢሆንም ሁሉም ቦታ አይሆንም። ማድ ቤትና እርጥበት ያለበት ጥግ አታስቀምጪው። እርጥበት ይስባል፣ በረሮ ደግሞ በካርቶኑ ሽንሽን ውስጥ ይደበቃል፣ ሙጫውንም ይበላል። እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ማድ ቤት ውስጥ ክዳን ያለው የጠርሙስ ዕቃ ይሻላል፤ ውስጡም ይታያል። ቁም ሳጥንና ካርቶን ከውጭው ግድግዳ ጋር አይጣበቁ፤ አየር እንዲያልፍ የእጅ መዳፍ ያህል ክፍተት ተዪ።

ልጆች ስላሉሽ ይህን አጥብቄ ልናገር። ቦታ ለመቆጠብ ወይም ለማሳመር ተብሎ በረኪናም ሆነ ነዳጅ ወደ ውኃ ወይም ለስላሳ ጠርሙስ አይገለበጥ። ልጅ ጠርሙሱን አይቶ ይጠጣዋል። በራሱ ዕቃ ውስጥ፣ ከፍ ብሎ፣ ቢቻል ተቆልፎ ይቀመጥ። በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋርም አይቀላቀል፤ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። መድኃኒት ደግሞ መታጠቢያ ክፍል መደርደሪያ ላይ አይሁን፤ እንፋሎቱና ሙቀቱ ያበላሸዋል። ከባድ ዕቃ ሁልጊዜ ታች ይሁን። ረጅም መደርደሪያ ወይም መሳቢያ ያለው ቁም ሳጥን ካለሽ ከግድግዳው ጋር አሳስሪው። ልጆች መሳቢያውን እንደ ደረጃ ስበው ይወጡበታል፤ ቁም ሳጥኑም ላያቸው ላይ ይወድቃል። ቀዳዳ መቆጠብ ያልኩሽ እዚህ ላይ አይሠራም፤ አከራይሽን አስፈቅደሽም ቢሆን አሳስሪው።

ወረቀት እኔን በጣም ነው ያስቸገረኝ። አሁን አንድ ወፍራም ክላሰር አለን። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል አንድ ክፍል፣ ለቤት አንድ ክፍል። የልደት የምስክር ወረቀት፣ የትምህርት፣ የሕክምና፣ የኪራይ ውል፣ ሁሉም እዚያ ነው። ውኃ እንዳይነካው ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ድንገት ከቤት መውጣት ቢያስፈልግ አንስተን የምንወጣው እሱን ነው። የዕቃ ዋስትና ደረሰኝ ካለሽ ፎቶ አንሺው ወይም ኮፒ አድርጊው። ለስላሳው የካሽ ሬጂስተር ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ጽሑፉ ይጠፋል። እኔ ዋስትናው ሳያልቅ የተበላሸ ዕቃ ይዤ ሄጄ፣ ደረሰኙን ሳወጣው ነጭ ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። በየቀኑ የሚገባው ወረቀት ደግሞ አንድ ቅርጫት ውስጥ ይጣላል፤ እሑድ ማታ ባዶ ይደረጋል።

ማድ ቤቱን በአጭሩ። በየቀኑ የምትይዢው ከወገብሽ እስከ ዓይንሽ ባለው ከፍታ ይሁን። አዲስ የገዛሽውን ከኋላ፣ የቆየውን ከፊት አድርጊ። በቃ።

ልጆቹን በተመለከተ፣ «ቤቱን አስተካክሉ» ብትያቸው ምን እንደሆነ አያውቁም። «መኪናዎቹን እዚህ ሳጥን ክተት» ስትይው ግን ይገባዋል። ማንበብ ለማይችለው ሥዕል ለጥፊለት። ሳጥኖቹ ጥቂት ይሁኑ፤ እኔ 9 ዓይነት አድርጌ ልጆቹ ግራ ገባቸው፣ 3 ሳደርገው ተሳካ። አሻንጉሊቱን ግማሹን ደብቂና በየ2 ሳምንቱ ቀያይሪው። የሚለቅሙት ይቀንሳል፣ የተደበቀው ሲወጣም እንደ አዲስ ይጫወቱበታል።

ከራት በኋላ ሁላችንም 15 ደቂቃ እናስተካክላለን። በስልኬ ሰዓት እሞላለሁ። ሲጮህ እናቆማለን፣ ያላለቀ ነገር ቢኖርም። መጀመሪያ ላይ «ይቺን ብቻ ጨርሱ» እያልኩ አስቀጥላቸው ነበር። ስለዚህ ገና ሰዓት ስሞላ ልጆቹ መጥፋት ጀመሩ። ቃሌን መጠበቅ ስጀምር ራሳቸው መምጣት ለመዱ። ባለቤትሽም ከዚህ 15 ደቂቃ ውስጥ ይሁን። «እርዳኝ» አትበይው፤ ቤቱ የእሱም ነው። «ይሄ ዕቃ የት ቢሆን ይመችሃል?» ብለሽ ጠይቂው። ራሱ የመረጠውን ቦታ አይረሳም። ልጅ የታመመበት ወይም ሥራ የከበደበት ቀን ደግሞ ዕቃ ማጠብና መተላለፊያውን ማጽዳት ብቻ ይበቃል። የቀረው ነገ ይሠራል።

ስለ ቁም ሳጥኑ ያልሽው፤ ከመግዛትሽ በፊት በር ጀርባና አልጋ ሥር ተመልከቺ። ከአሮጌ ጂንስ ኪሶቹን ቆርጠሽ ጠንካራ ጨርቅ ላይ ብትሰፊያቸው በር ጀርባ የሚሰቀል የብሩሽ፣ የመቀስና የፀጉር ማስያዣ ማስቀመጫ ይሆናል። ለአልጋ ሥር ጠፍጣፋ ካርቶን ፈልጊ፣ ፊቱን በስተሽ ገመድ አስገቢበት፣ እንደ መሳቢያ ትስቢዋለሽ። አቧራ እንዳይገባ አሮጌ አንሶላ አልብሺው። አልጋሽ ከወለሉ ስንት ሴንቲሜትር ከፍ እንደሚል ለክተሽ ብትጽፊልኝ፣ ምን ያህል ካርቶን እንደሚገባና እንዴት እንደሚደረደር አብረን እናያለን።